ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ፦ ድብልቅ የፍየል መንጋ ለአረምና ለቁጥቋጦ ማጽጃ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እያልን የምንወቅሰው ችኩልን ሰው ነው። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል እጁን የሚሰድ እንግዳ ሲያጋጥመን የምንተርታት ተረት ነች። እዚህ አሜሪካ ግን ይህችው ፍየል ከመድረሷ ቅጠል በመበጠሷ ገንዘብ ይከፈልላታል።

ጥቂት ምሳሌ ልጥቀስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2009 ጉግል በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ዙሪያ ያለውን ሜዳ በማጨጃ ሞተር ፈንታ በሁለት መቶ ያህል ፍየሎች አስግጦ ነበር። በ2013 የበጋ ወራት ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚገኘው ኮንግሬሽናል የተባለው ጥንታዊ መካነ መቃብር ሐረግ ያነቃቸው ዛፎች እየወደቁ የመቃብር ድንጋዮቹን እንዳይሰብሩ ፍየል ተከራይቷል። በሜይ 2019 ኒውዮርክ ሪቨርሳይድ ፓርክ ገደል ላይ 24 ፍየሎች ተለቀቁ። በዚያው ወር ካሊፎርኒያ ሲሚ ቫሊ የሚገኘው የፕሬዝዳንት ሬገን ቤተ መጻሕፍት 500 ፍየሎች ተከራይቶ 13 ኤከር ያህል ቁጥቋጦ አስጠረገ። በኦክቶበር መጨረሻ ሰደድ እሳት ኮረብታውን ከቦ ሲመጣ ፍየሎቹ ያጸዱት ቀለበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጊዜ እንደሰጣቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ተናግረዋል።

ጥያቄው ወደ እኛም ሰዎች ከመጣ ቆይቷል። በሠርግ ላይም ሆነ በለቅሶ ቤት «ገንዘብ አዋጥተን ቨርጂኒያ ውስጥ መሬት ገዝተናል፤ ግማሹን ጫካ ውጦታል፤ ፍየል ብናስገባበትስ? ፍየል እንደሆነ ምንም አይፈልግ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህች «ምንም አይፈልግ» የምትባለዋ ነገር እኔንና ሁለት ጓደኞቼን በመጀመሪያው ክረምት፣ ማለትም በፈረንጆቹ በጋ፣ ከአሥራ ስምንት ፍየሎች ሰባቱን አስከፍላናለች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ሌላው ሰው ያንኑ ዋጋ ደግሞ እንዳይከፍል ነው።

ለምን ፍየል?

ከብት ሣር ይግጣል፤ በግም ለስላሳ ቅጠል ቢጨምር እንጂ እንደዚያው ነው። ፍየል ግን በተፈጥሮዋ ቅጠል ቀንጣቢ ናት። የላይኛው ከንፈሯ እንደ ጣት ስለሚንቀሳቀስ ከእሾህ መካከል ቅጠሉን ብቻ መርጣ ታወጣለች። በኋላ እግሮቿ ቆማ ከራሷ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ጎትታ ታወርዳለች። ብዙ እንጨታማ ተክሎች ራሳቸውን የሚከላከሉበትን ታኒን የተባለ አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ከከብትና ከበግ በተሻለ ትቋቋመዋለች። የሰውን ቆዳ የሚያሳብጠውን ፖይዘን አይቪ እንደ ጎመን ትበላዋለች። የተክሉ ዘይት ግን ጸጉሯ ላይ ስለሚቀር ከዋለችበት ስትመለስ የሚያቅፋትን ሰው ያሳክከዋል። ይህን የተማርኩት ከሴት ልጄ ክንድ ነው።

በምሥራቅ አሜሪካ የምንታገላቸው ተክሎች አብዛኞቹ መጤዎች ናቸው። ኩድዙ የሚሉት ሐረግ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ ለተካሄደው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ከጃፓን የመጣ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ አፈር እንዲይዝ ብሎ ለገበሬ ያከፋፍለው ነበር። መልቲፍሎራ ሮዝ የእኛ የቀጋ ዘመድ ነው፤ እሱንም ያው መንግሥት ሕያው አጥር ይሆናል ብሎ አስተክሎታል። ዛሬ እነዚህን ተክሎች ሁሉም እንደ ወራሪ ያያቸዋል፤ የመጡት ግን ተጋብዘው መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቀጋ፣ ኩድዙ፣ የዱር እንጆሪና የጃፓን ሐኒሰክል ለፍየል ግብዣ ናቸው። በምዕራቡ ሜዳ የከብት መሬት ያበላሸውን ሊፊ ስፐርጅ የተባለ ወተታም አረምም ከብት ሲሸሸው ፍየል ትበላዋለች።

ለምን ድብልቅ?

የዘር ምስክር ወረቀት ያላት ፍየል ከሌላት ይልቅ በእጅጉ ትወደዳለች። ወረቀቱ ግን ቁጥቋጦ አይበላም። ለጽዳት ሥራ የሚፈለገው ብዙ ወተት ወይም የውድድር ሜዳሊያ ሳይሆን ጠንካራ እግር፣ የማይመርጥ አፍና ትል የሚችል ሆድ ነው። እነዚህን በአንድ ንጹሕ ዘር ውስጥ ከመፈለግ ከተለያዩ ዘሮች ማሰባሰብ ይቀላል፤ ይረክሳልም።

እዚህ አገር ገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል ነጭ ገላና ቡናማ ራስ ያለው ቦር ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የሥጋ ዘር ነው። አሜሪካ የገባው በ1993 ሲሆን ቶሎ ይወፍራል፤ ሲያዩትም ያምራል። ሆኖም እርጥበትና ሙቀት ባለበት ደቡብ ምሥራቅ ይቸገራል። በቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዘሮቹን ለዓመታት ጎን ለጎን አርብተው የመዘኑ ተመራማሪዎች፣ የቦር እናቶች ከኪኮና ከስፓኒሽ እናቶች የበለጠ ሕክምና እንደሚሹና የሚያሳድጉት ግልገልም እንደሚያንስ አሳይተዋል። ኪኮ የኒውዚላንድ ነው፤ ዱር ገብተው የቀሩ ፍየሎችን ከወተት ፍየሎች ጋር አዳቅለው፣ ያለ እንክብካቤ የተረፈውን ብቻ እየመረጡ ያወጡት ዘር ነው። ስፓኒሽ የሚባለው ደግሞ ስፔኖች በ1500ዎቹ ካመጧቸው ፍየሎች የወረደ፣ ቴክሳስ ጥሻ ውስጥ ራሱን ያሳደገ ነው። ጆሮው ረጅም የሆነው ኑቢያን የአገር ቤትን ፍየል ስለሚያስታውሰን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንገዛው እሱን ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ለማውረድ ይጠቅማል፤ ጩኸቱ ግን ከጎረቤት ያጣላል። ሲደነግጥ ጡንቻው ደርቆ የሚወድቀው የቴነሲው ፌይንቲንግ ጎት እንኳ አንድ ጥቅም አለው፦ አጥር መዝለል አይሆንለትም።

ምርጫዬን ልንገራችሁ። ሴቶቹ ስፓኒሽ ወይም ኪኮ ወይም የሁለቱ ድቅል ይሁኑ። ሁለት ሦስት ረጃጅም የኑቢያን ድቅሎች ይጨመሩ። ቦር ደም ካስፈለገ በአባት በኩል ብቻ ይግባ፤ ግልገሎቹ ለገበያ ክብደት ይኖራቸዋል፤ የእናቶቹ ጥንካሬም አይነካም። ለጽዳት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ሙክት ይግዛ። ሙክት አይወልድ፣ አይታለብ፣ በፍትወት ወራት አጥር አያፈርስ፤ ሥራው መብላት ብቻ ነው።

ድቅል ስለሆነ ብቻ ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። የተራራቁ ዘሮች ሲገናኙ የመጀመሪያው ትውልድ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ አማካይ በልጦ ይወጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል አገራችን ውስጥ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከ1989 ጀምሮ አንግሎ ኑቢያን አውራዎችን ከሶማሌ ፍየሎች ጋር እያዳቀለ ለአርሶ አደሮች ሰጥቶ ነበር። በሐረርጌ ደጋ ውጤቱን የመዘነውና በ2003 የታተመው ጥናት፣ ወተትን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን፣ ፍጉን፣ እንደ ቁጠባ መያዙን ሁሉ ደምሮ ሲያየው ድቅሎቹ ከአገሬው ፍየል የበለጠ የተጣራ ጥቅም እንዳላስገኙ ደምድሟል። ድቅሏ ብዙ ትሰጣለች፤ ብዙም ትጠይቃለች። በ2007ም ቦር ፍየሎች ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት ፕሮግራም ነበር፤ ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ኦክላሆማ የሚገኘው ላንግስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዚህን ዩኒቨርሲቲ የፍየል ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ጥላሁን ሳህሉ መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ስንት ይሆን? ተቋሙ ለፍየል አርቢዎች ያዘጋጀው የኢንተርኔት ትምህርት እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከዘር የሚበልጠው ግን አስተዳደግ ነው። የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ፕሮቬንዛ ከባልደረቦቹ ጋር ለአሥርተ ዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ ግልገል የሚበላውንና የሚሸሸውን ከእናቱ ጎን ሆኖ እንደሚማር አሳይተዋል። ስለዚህ ጋጣ ውስጥ ፋጉሎና ድርቆሽ እየተሰጣት ያደገችን ፍየል፣ ምንም ዓይነት ዘር ብትሆን፣ ቀጋ ውስጥ ብትለቋት በር በሩን እያየች ትጮኻለች። ስትገዙ «ምን ዘር ነች?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ስትበላ አደገች?» በሉ።

መንጋውን ማሠራት

ፍየል አረምን በአንድ ጊዜ አትገድልም። ቅጠሉን ትበላለች፤ ሥሩ ባጠራቀመው ስንቅ እንደገና ያቆጠቁጣል። እንደገና ሲለመልም እንደገና ትበላዋለች፤ ሥሩ ስንቁን የሚጨርሰው በዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት መመላለስ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አስበልቶ «ጸዳ» ብሎ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥሻ ያገኘዋል። ፍየል የምታከራዩ ከሆነ ይህን ለባለ መሬቱ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት፤ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ መካከለኛ ጥሻ ባለበት አሥር ፍየሎች አንድ ኤከርን በአንድ ወር ገደማ ያጸዳሉ የሚባለው የልምድ ስሌት ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ግን ሰፊውን ቦታ ከፋፍሎ ብዙ ፍየል በጠባብ ቦታ ለጥቂት ቀን ማስገባትን እመርጣለሁ። ፍየል ሰፊ ቦታ ካገኘች የምትወደውን ብቻ ለቅማ የምትጠላውን ትተወዋለች፤ ሲጣበባት ግን ጓደኛዋ እንዳይቀድማት ሁሉንም ትበላለች። ቅጠሉ አልቆ ቅርፊት መላጥ ሲጀምሩ የመነሻው ሰዓት አልፏል ማለት ነው፤ የምትወዱት ዛፍ ካለ አስቀድማችሁ ግንዱን በሽቦ ክበቡት።

የሚገድሏቸውም ተክሎች አሉ። ሮዶደንድሮንና አዛሊያ፣ የው የተባለው የግቢ ማስጌጫ፣ ኦሊያንደር፣ እንዲሁም የተቆረጠ ወይም በነፋስ የወደቀ የዱር ቼሪ ቅጠል። የመጨረሻው ሲጠወልግ ሳያናይድ ያመነጫል። በዚህ አገር ከተማ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ አዛሊያ አለበትና፣ መንጋ ከማስገባታችሁ በፊት አጥሩን በእግራችሁ ዙሩ።

ዘርን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፍየል ከምትበላው ፍሬ ብዙው ሆዷ ውስጥ ቢሞትም የተወሰነው ከበጠጧ ጋር በሕይወት ይወጣል። አረሙ ሳያፈራ ማስበላት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ፍሬ ከበላች ግን ወደ ንጹሕ መሬት ከመውሰድ በፊት አራት አምስት ቀን በረት ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። የአፋር ሰው ይህን በመከራ ተምሮታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ፕሮሶፒስ ቅጠሉ ለከብትም ለፍየልም አይጥምም፤ ጣፋጭ ቆባውን ግን ይበሉታል፤ ዘሩን በየሄዱበት ይዘሩታል። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሸፈነ ይገመታል። ፍየል የሁሉም አረም መድኃኒት ናት የሚላችሁ ሰው አዋሽን ይጎብኝ።

ትሉ

አሁን ወደ ሰባቱ ፍየሎች ልመለስ። ጁን ላይ ያስገባናቸው ፍየሎች ጁላይ ላይ ወፍረው ነበር። ኦገስት ላይ አንዷ ከመንጋው ኋላ ቀረች፤ መንጋጋዋ ሥር እንደ ከረጢት አበጠ። «ንብ ነድፏት ይሆናል» አልን። በሦስተኛው ቀን ሞታ አገኘናት። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ቀበርን።

ገዳዩ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የተባለ የጨጓራ ትል ነው። ፈረንጆቹ ገላው በቀይና በነጭ የተጠመጠመ ስለሚመስል በፀጉር አስተካካዮች ምሰሶ ስም ይጠሩታል። ጨጓራ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። አንዷ ሴት ትል በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ወጥቶ፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ገደማ ውስጥ ለመያዝ የደረሰ እጭ ይሆንና በጤዛው ላይ ሣሩን ይወጣል። ሩቅ ግን አይወጣም፤ አብዛኛው ከመሬት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀራል።

እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ ይገኛል። በደረቷ ቁመት ልክ ቅጠል የምትቀነጥብ ፍየል ትሉን እምብዛም አትውጠውም። እኛ ግን ቁጥቋጦው ካለቀ በኋላ እዚያው ተውናቸው፤ ያቆጠቆጠውን አጭር ሣር ከበጠጣቸው አጠገብ ግጠው በሉ። ለአባቴ ወሎ ደውዬ ሰባት ሞቱብን ስለው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ማን ነው የሚጠብቃቸው?» «አጥር አለን አባባ» ብለው ሳቀ። «አጥርማ አይሄድም» አለኝ።

እውነት ነው። እኛ ልጆች ሆነን ፍየል ስንጠብቅ በየቀኑ አዲስ ተዳፋት ላይ እናውላቸው ነበር፤ ረጅሙ የደረቅ ወራትም እጩን በፀሐይ ያቃጥልልን ነበር። እረኝነት ማለት ከጅብ መጠበቅ ብቻ ይመስለን ነበር እንጂ፣ መንጋውን ከገዛ በጠጡ ማራቅም መሆኑን ማንም አልነገረን፤ እግራችን ግን ያውቀው ነበር። እርጥበቱ ከሜይ እስከ ኦክቶበር በማይለቅበት ቨርጂኒያ ውስጥ ያንን እግር የሚተካ ነገር ካላበጃችሁ ፍየል አታርቡ። መተኪያው የሚነቀልና የሚተከል የኤሌክትሪክ መረብ አጥር ነው፤ በየአራት አምስት ቀኑ ይነሣል፤ ቅጠሉ ከጉልበት በታች ሲወርድም ቀኑ ሳይደርስ ይነሣል፤ የዋሉበት ቦታ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ያርፋል።

መድኃኒትስ? አለ፤ ነገር ግን ሁሉንም ፍየል በየወሩ መድኃኒት ማጠጣት ትሉ መድኃኒቱን እንዲለምድ አድርጎታል፤ በብዙ እርሻዎች ላይ ከእንግዲህ የማይሠሩ መድኃኒቶች አሉ። ደቡብ አፍሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ፋፋ ማላን ያወጡት ፋማቻ የተባለ ካርድ ችግሩን በቀላሉ ይቀንሰዋል። የፍየሏን የታችኛ የዓይን ሽፋን ገልጦ የውስጡን ቀለም ካርዱ ላይ ካሉት አምስት ቀለሞች ጋር ማስተያየት ነው። ቀይ ከሆነ ደህና ነች፤ ወደ ነጭ ካደላ ደሟ አልቋል፤ መድኃኒት የሚሰጠው ለእሷ ብቻ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ እናያለን። አጠቃቀሙን ከእንስሳት ሐኪም ወይም ከካውንቲው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ተማሩ።

ሌላም ትል አለ፤ ነጭ ጅራት አጋዘን የሚሸከመውና በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው። ፍየል ውስጥ ሲገባ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ሄዶ የኋላ እግሯን ሽባ ያደርጋል። ውሃ የሚቋጥር ረግረግ ያለበትን ጥሻ ለደረቅ ሳምንታት ማስቀመጥ ይረዳል።

አጥር፣ ውሻና ጨው

ስለ አጥር ሲነገር ውሃ የማይይዝ አጥር ፍየል አይይዝም ይባላል። ኤሌክትሪኩ ከአራት ሺህ ቮልት በታች ከወረደ ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚያውቁት እንጃ። ቀንድ ያላት ፍየል ቋሚ የሽቦ አጥር ውስጥ ራሷን አስገብታ ማውጣት ያቅታታል፤ በየማለዳው መቁጠር ግድ ነው። ጅብ ባይኖርም ካዮቲና የጎረቤት ውሻ አለ። ግሬት ፒሬኒስ ወይም አናቶሊያን የተባሉት ትልልቅ ውሾች ከፍየሎቹ ጋር አድገው ሌሊት ይጠብቃሉ፤ ሲጮሁም ሌሊት ነው።

የበግ ማዕድን ጨው ለፍየል አትስጡ። በግን መዳብ ስለሚመርዘው ጨዉ መዳብ የለውም፤ ፍየል ግን መዳብ ያስፈልጋታል። የፍየል ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ። ሸሆናቸውን መከርከም፣ ከመግዛትና ከማጓጓዝ በፊት ፌዴራሉ ለስክሬፒ በሽታ መቆጣጠሪያ የሚጠይቀውን የጆሮ ምልክት ማስደረግ፣ የካውንቲውን የመሬት አጠቃቀም ደንብ መጠየቅም አለ።

ገንዘቡ

ከጽዳት ኪራይ የሚገኘው ገቢ ከሩቅ ሲታይ ጥሩ ነው። ወጪው ግን አጥር መትከያ ጉልበት፣ ተጎታች መኪና፣ ኢንሹራንስና የማይተኛ ሰው ነው። በምዕራቡ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ብዙዎቹ እረኞች በኤች ሁለት ኤ ቪዛ ከፔሩ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ለወራት በተጎታች ቤት ከመንጋው ጋር ያድራሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ግን ፍየሉ ብቻ ነው።

አሜሪካ ከምትበላው የፍየል ሥጋ አብዛኛውን ከአውስትራሊያ ነው የምታስገባው፤ ስለዚህ ግልገል ለሚሸጥ ሰው ገበያ አይጠፋም። የእኛ ፋሲካና የሙስሊም ወገኖቻችን ዒድ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል። ፍየል አምስት ወር ታረግዛለችና አውራውን መቼ እንደምታስገቡ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ።

ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ረግፎ ድርቆሽ መግዛት ሲጀመር መንጋው ይቀነሳል። የምንይዘው ማስታወሻ አለ፤ በየፍየሏ ስም አንጻር በበጋው ስንት ጊዜ መድኃኒት እንደወሰደች ተጽፏል። ሦስት ጊዜ የወሰደች፣ ምንም ያህል ውብ ብትሆን፣ ትሸጣለች። ዘንድሮ አንድም ጊዜ ያልወሰደችው ጆሮዋ የተቀደደ፣ ዘሯ የማይታወቅ ግራጫ ፍየል ናት። እሷና ሁለቱ ሴት ልጆቿ ይከርማሉ።